አንድ ሣጥን ልዩ ልዩ ብረታ ብረት

አዋሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለታቢታ ጮራሞ
ነገሌ

ይህን ብዕር የያዘው ባህሩ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ባህሩ። እጁ የእሱ ነው፣ ቃሉ የእኔ ነው። «ክቡር ሆይ» ብሎ ሊጀምር ነበር፤ ልጄ ናት እንጂ ዳኛ አይደለችም ብዬ አሰረዝኩት። ከላይ ስርዝ ካየሽ እሱ ነው።

የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያመኛል፤ እሱም ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ሁለት ወር ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ታምሜ ሳይሆን ሥራ ይዤ ነው። ይቅርታ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ይቅርታ ስጠይቅ ሰምተሽኝ ስለማታውቂ ሊሞት ነው ብለሽ ትደነግጫለሽ ብዬ ተውኩት።

አሁን ለጠየቅሽኝ። አዎ፣ ድንኳን ገዝቻለሁ። ዘነበች እውነቷን ነው የጻፈችልሽ። ጎረቤቴ ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው፤ በአጥሬ ከገባው ነገር አንድም አምልጧት አያውቅም። ድንኳኑን አየች፣ ሣጥኑን ግን አላየችም።

ሐይቁ ዳር ይኖር የነበረውን ፈረንጅ ታስታውሺዋለሽ፤ ክሊኒክና ጸሎት ቤት ሲያንጽ የኖረውን። በሦስት ቀን ውጣ ተብሎ በአንድ ሻንጣ ሄደ። ቤቱ ታሸገ። ባለፈው ጥቅምት የቀበሌው ኮሚቴ ዕቃውን ግቢው ላይ አውጥቶ በሐራጅ ሸጠው። እኔ ደግሞ የሄደ ሰው ዕቃ ሲሸጥ ቀርቼ አላውቅም። ግሪኩ ባለ ሆቴል ሲሄድ ነበርኩ፤ የእርሻው ጣሊያን ሲሄድ ነበርኩ። የአባትሽ ዘዴ አንድ ነው፦ የሚፈልገውን ዕቃ አያይም። የማይፈልገው ዕቃ ጋ ሄዶ ይቆማል።

ግቢው ሰው ሞልቶት ነበር። ሬዲዮ የፈለገ ሬዲዮ፣ አልጋ የፈለገ አልጋ ከቦ ይጯጯሃል። አሮጌ ብረት በልዋጭ የሚሰበስበው ኑሪ ከበሩ ጀምሮ ተከተለኝ። እኔ የነካሁትን ካልነካ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔም ድንኳኑ ጋ ሄድኩ፤ ገመዱን ሳብኩ፣ ሸራውን አሸተትኩ፣ ምሰሶውን ገጠምኩ፣ ፈታሁ።

«አባባ ጮራሞ፣ ድንኳን ለምንዎ ነው? ሊዘምቱ ነው?» አለኝ።

«አንተ ስትሞት ለቀስተኛውን ዝናብ እንዳይመታው ነው» አልኩት።

«እኔማ እርስዎን ቀብሬ ነው የምሞተው!»

«በምንህ? መቃብር በልዋጭ አይገኝ።»

ሰው ሳቀ። ኑሪ ተናደደና ድንኳኑን ሊያስወድድብኝ መጫረት ጀመረ። እሱ ድንኳን ድንኳን ሲል እኔ ከኋላዬ ያለውን ሣጥን በእግሬ ገፋ አደረግሁት። ቁልፉ የጠፋ፣ እንደ ሕፃን አልጋ የሚረዝም የእንጨት ሣጥን ነው። ልብ በዪ፣ ቁርጥራጭ ብረት ያለበት ሣጥን ሲገፋ ይንኮሻኮሻል። ይሄኛው ድም አለ፤ አንዴ ብቻ። እያንዳንዱ ብረት በጨርቅ ተጠቅልሎ በየቦታው ተኝቷል ማለት ነው። ጎንበስ ስል የተልባ ዘይት ሸተተኝ። እጀታውን ዘይት የሚያጠጣ ሰው የሰበሰበው ብረት እንዴት ያለ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ሐራጅ ባዩ ሣጥኑ ጋ ሲደርስ «ውስጡን አላየነውም፤ ብረት ነው፤ ከነሣጥኑ» አለ። ዐሥራ አንድ ብር አልኩ። የጨመረብኝ የለም፤ ኑሪ ድንኳኑን አስወድዶብኝ ረክቶ ነበር። መዝጋቢው ወረቀት አቀረበልኝ፣ አውራ ጣቴን አተምኩ፣ በጋሪ ጭኜ ወጣሁ።

ታቢታ፣ ቤቴን ዘግቼ ክዳኑን ከፈትኩት። ሰባት መላጊያ። ዐሥራ ሁለት መሮ፤ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ጀምሮ እስከ ሦስት ጣት ስፋት። ሁለት መጋዝ፤ አንዱን በጥፍሬ ብነካው እንደ ደወል ጮኸ። እስኳድራ፣ ውኃ ልክ፣ የእጅ መሰርሰሪያ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ከመኪና ባሌስትራ ባስቀጠቀጥኩት መሮ የሠራሁ ሰው ነኝ። የዚህን ከተማ ግማሽ በር የሰቀልኩት በዚያ ነው። በሰባ ዓመቴ ብረት ምን እንደሆነ አየሁ። ዋንዛ ሳንቃ ላይ መላጊያውን ብገፋው ፍቅፋቂው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ ወጣ። ወደ መስኮቱ ብይዘው ብርሃን አሳለፈ። ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከነገሌ ወደዚህ ስለ መዛወርሽ የጻፍሽውን ሰምቻለሁ። የጎደለሽ ከእኛ ቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ሊቀ መንበሩ ፍቅሬ ነው፤ እኔ መሮ መሳል ያስተማርኩት ፍቅሬ። የእንጨት ሥራ ማኅበሩም በእሱ እጅ ነው። አነጋግረዋለሁ። አልጋሽ በቦታው አለ።

አባትሽ ጮራሞ


አዋሳ፣ ጥር 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለታቢታ

አሁንም ባህሩ ነው የሚጽፈው። ጉንፋን ይዞት ያስነጥሳል፤ ወረቀቱ ላይ ጠብታ ካየሽ የእኔ እንባ እንዳይመስልሽ።

እንዴት ነሽ? ነገሌ ውኃው ተሻሻለ ወይ? እዚህ ዝናብ ጠፍቶ አቧራው በርትቷል። ዘነበች ሰላም ብላሻለች። ስለ ሁለቱ ቀን የጻፈችልሽን ግን አትስሚያት። የቀበሌው ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ጀርባዬን ቀዘቀዘው፤ ሌላ የሆነ ነገር የለም። ምሳም አምጥታልኛለች፤ እሱን ጽፋልሽ ይሆን?

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። ስለ አየር ያወራሁት ልመልሰው ስላልፈለግሁ ነው። «ያተሙበት ወረቀት ምን ይላል?» ነው ያልሽኝ። እሺ።

የዚያን ቀን መዝጋቢው ወረቀቱን ሲሰጠኝ ኑሪ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ነበር። አንብብልኝ ብል ያ ሁሉ ሰው ጮራሞ ፊደል አያውቅም ሊል ነው። ደግሞም ጥቂት ብዘገይ ኑሪ ሣጥኑን ገልጦ ሊያይ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ያዝኩ፤ ያነበበ ሰው የሚቆየውን ያህል ቆየሁ፤ ራሴን ነቀነቅሁና አተምኩ። የሠራሁት ስሕተት ይሄ ነው። ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔው ነገርኩሽ።

በኅዳር መጨረሻ ለዘነበች በር ስሠራ ፍቅሬ በመንገድ አለፈ። አላለፈም፣ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ከመሬት ፍቅፋቂ አነሳ፤ በሁለት ጣቱ ዘረጋው።

«አባባ፣ ይሄ በባሌስትራ አልተላገም» አለኝ።

እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ምን ልለው?

በነጋታው ተጠራሁ። ወረቀቱን አወጡ። ባህሩን ይዤ ሄጄ ነበርና አነበበልኝ። «አንድ ሣጥን ልዩ ልዩ ብረታ ብረት ለእንጨት ሥራ ማኅበሩ አገልግሎት በአደራ መረከቤን በአሻራዬ አረጋግጣለሁ» ይላል። ገንዘቡ የእኔ፣ ጋሪው የእኔ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ተሸካሚ ነኝ። ያን ጊዜ የሥራ ዕቃ ለግለሰብ አይሸጥም የሚል መመሪያ ወጥቶ ነበር አሉ። ታዲያ ለምን ሐራጅ ጠራችሁኝ አልኳቸው።

አልሰጥም አልኩ። አሻራህ ነው አሉኝ። ጣቴ ማንበብ አይችልም፤ ባላነበበው ሊከሰስ አይገባም አልኳቸው። ሁለት ቀን የታሰርኩት ከዚህ በኋላ ነው።

የምሟገተው ለዐሥራ አንድ ብር አይደለም። ማኅበሩ ግቢ ገብተሽ ብታዪ ታለቅሻለሽ። አራት መጋዝ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲመታው ነበር፤ እጀታው በስብሶ በሽቦ አስረውታል። የሁሉም ነው ይላሉ፤ የሚስለው ግን የለም። በመሮ የቀለም ቆርቆሮ ሲከፍቱ በዓይኔ አይቻለሁ! ባህሩ «ይሄን ልተወው?» ይለኛል። አትተው፤ በመሮ ቆርቆሮ ከፍተዋል፤ ጻፍ።

የድጋፍ ደብዳቤሽ ገና ነው። ፍቅሬ ሥራ በዝቶበታል።

አባትሽ


ነገሌ፣ የካቲት 18 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለተወደዱ አባቴ ለአቶ ጮራሞ

አባዬ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። ጋሽ ባህሩ፣ እባክዎ ይህን ደብዳቤ ሰው በሌለበት ያንብቡላቸው።

አባዬ፣ ፍቅሬ ሥራ አልበዛበትም። ጽፎልኛል። ሣጥኑ የገባ ዕለት የድጋፍ ደብዳቤው እንደሚወጣ ለእርስዎ ከነገረዎት ሁለት ወር አልፏል ይላል። ይህን ከእርስዎ መስማት ነበረብኝ። ሲሚንቶው እንዴት እንደቀዘቀዘ ከመንገር ይህን መንገር ከበደዎት?

ፍቅሬ በክፋት አልጻፈልኝም። «እኔ ባላስገባው ሌላ ሰው ያስገባዋል፤ ያ ሰው ደግሞ መሮ አሳሳል ያስተማሩት አይሆንም» ነው ያለኝ። ይህንም ይስሙት።

እዚህ ከመጣሁ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እማዬ ስትሞት የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሌሊት መንገድ ላይ ሳድር ምን እንደተሰማኝ ለእርስዎ ተናግሬ አላውቅም። ለእርስዎም እንደዚያው እንዳልደርስ ነው ዝውውር የጠየቅሁት፤ አዋሳ ናፍቆኝ ብቻ አይደለም።

ይስጡ አልልዎትም። ሣጥኑን የከፈቱ ቀን ብቻዎን መሳቅዎን ሳነብ እኔም እዚህ ብቻዬን ስቄያለሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩት አበደች ብለውኛል። ስለዚህ ይስጡ የሚል ቃል ከእኔ አይወጣም። ለእኔ ብለው ቢሰጡና መጥቼ ባዶ እጅዎን ሆነው ባይዎት ያ ቤት እንዴት ያስገባኛል? ግን አባዬ፣ እምቢ የሚሉት እርስዎ ሆነው እዚህ የምቀረው እኔ ነኝ። ይህን እያወቁ እምቢ ይበሉ። ሳያውቁ ግን አይበሉ።

ልጅዎ ታቢታ


አዋሳ፣ መጋቢት 23 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለታቢታ

ባህሩ ጉንፋኑ ለቆታል። ደብዳቤሽን ሐይቁ ዳር ወስዶኝ አነበበልኝ። ድገመው አልኩት። ሁለተኛ ሲያነብ ድምፁ ዝቅ አለ። ከዚያ ወደ ውኃው ዞሮ ሲጋራ አጨሰ። የጠየቅሽኝን ነገር ለመመለስ አንድ ወር ፈጀብኝ። አውቄ እምቢ በል አልሽኝ። ማወቅ ጊዜ ይወስዳል።

መጀመሪያ ለመስጠት ወሰንኩ። ይህን እወቂልኝ። መላጊያዎቹን አንድ በአንድ ዘይት ቀባሁ፤ በየጨርቃቸው ጠቀለልኩ። በዚያ ላይ ሳለሁ የወረቀቱ ቃል ትዝ አለኝ። ባህሩ ያን ጊዜ ከወረቀቱ የገለበጠልኝን ቅጂ አምጥቶ እንደገና እንዲያነብልኝ አደረግሁ። መላጊያ የሚል የለበትም። መሮ የሚል የለበትም። መዝጋቢው ሣጥኑን ሳይከፍት ነው የጻፈው፤ ከፍቶ ቢያይም ስማቸውን አያውቀውም። እኔ ያላነበብኩትን አተምኩ፤ እነሱ ያላዩትን ጻፉ። ታዲያ ለምን እኔ ብቻ እቀጣለሁ?

ኑሪ ጋ ሄድኩ።

«ድንኳኑን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

«ዛሬ ደግሞ ምን አስበው ነው? እርስዎ ድንኳን ሲያሳዩኝ ከኋላ ሣጥን አለ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቂም ይዞብኛል።

«ዛሬ ሣጥኑን አንተ ሙላልኝ። ጥሩ ብረት እንዳይሆን፤ ልዩ ልዩ ይሁን።»

ወረቀቱን ስነግረው ገባው። ሳቅ ይዞት ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ። የተሰበረ ማጠፊያ፣ የአልጋ ሽቦ፣ ግማሽ የብሎን ኪያቤ፣ የጋሪ ቀለበት፣ አፍንጫ የሌለው ማንቆርቆሪያ እያነሳ «ይሄ ልዩ ነው? ይሄስ ልዩ ልዩ ነው?» እያለ ሞላልኝ። ድንኳኑን ወሰደ። በገበያው ቀን እሱ ሥር ተቀምጦ ሲነግድ አይቼዋለሁ፤ አምሮበታል።

ሰኞ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ ሣጥኑን በጋሪ አስገባሁ። ሲወርድ ተንኮሻኮሸ። ፍቅሬ ቀና አለ። ጆሮውንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ገና ሳይከፈት አወቀ።

«ወረቀቱ ይነበብ» አልኩ። «ሁሉም ይስማ፤ እኔም ልስማ። ያን ቀን አልሰማሁትም። ማንበብ አልችልም። ይኸው በአደባባይ ተናገርኩት!»

መዝጋቢው አነበበ። አንድ ሣጥን፤ ይኸው። ልዩ ልዩ ብረታ ብረት፤ ክፈቱት። አንዱ ማንቆርቆሪያውን አውጥቶ ከፍ ሲያደርገው አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። መዝጋቢው ግን ቀላ።

«ይሄ ማጭበርበር ነው! ውስጡ መላጊያ ነበር ተብሏል!»

«ማን አየ?» አልኩት። «አንተ ስትጽፍ ነበርክ። መላጊያ አይተህ ከሆነ ለምን መላጊያ ብለህ አልጻፍክም?»

«ጓድ ሊቀ መንበር አይተዋል!» አለ።

ሁሉም ፍቅሬን አየ። ታቢታ፣ እኔ በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ ያን ሰዓትም አልለመንኩትም። ግን እጁን አየሁ። ግራ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ አለ፤ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ሳለ መሮ ሲስል የቆረጠው ነው፤ እናትሽ ናት ያሰረችለት። በዚያች ጣት ጠረጴዛውን ቧጨር ቧጨር አደረገ።

«ያየሁት ፍቅፋቂ ነው» አለ። «ሣጥን አላየሁም። ወረቀቱ ያለው ገብቷል። ተረክበናል በል፤ ጻፍ።»

መዝጋቢው ጻፈ። ባህሩ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ካነበበልኝ በኋላ ነው ያተምኩት።

ሰው ሲወጣ ወደ ፍቅሬ ቀረብኩ። ስለ አንቺ ሳልጠይቀው ቀድሞኝ ተናገረ።

«አባባ፣ የታቢታን ደብዳቤ ዛሬ ብፈርም በምን ሸጥከው ይሉኛል። ነገም ብፈርም ይሉኛል። አንድ ዓይኔን ጨፍኜልዎታለሁ፤ ሁለቱንም ከጨፈንኩ እወድቃለሁ።»

ሊሰማኝ የሚገባውን ያህል ተሰማኝ። ግን አልተቆጣሁትም። እሱ ወንበሩን፣ እኔ ብረቴን ይዘን ወጣን፤ አንቺ ነሽ ባዶ እጅሽን የቀረሽ። ይህን አወቅሁ። አውቄ እምቢ አልኩ። አውቄም ብረቱን ይዣለሁ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ባህሩ ሦስት ጊዜ አቀረበልኝ፤ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ይቅርታ ተጽፎ ሲላክ ለላኪው ይቀለዋል። የእኔ እንዲቀለኝ አልፈልግም።

ስለዚህ እንዲህ አስቤያለሁ። አንቺ ወደ እኔ ለመምጣት ወረቀት ከጎደለሽ፣ እኔ ወደ አንቺ ለመምጣት የሚጎድለኝን ልጠይቅ ብዬ ሄድኩ። የይለፍ ወረቀት ብቻ ነው። ልጅ ለመጠየቅ ይሰጣል፤ ማኅበርም ድጋፍም አይጠይቅም። «ለዐሥራ አምስት ቀን» ይላል፤ አስነብቤዋለሁ። ዐሥራ አምስት ቀን ስንት እንደሆነ እዚያ ስደርስ ሁለታችን እንነጋገራለን።

ክፍልሽ ጠባብ ይሆን ብዬ አልጨነቅም። ጠባብ ቢሆን አንድ ሳምንት ስጪኝ፤ መደርደሪያ በግድግዳው ላይ ሰቅዬ ወለሉን አስለቅቅልሻለሁ። ነገሌ በር የጠመመበት ቤት እንደማይጠፋም አውቃለሁ። ቤቱን ዘነበች ትጠብቃለች። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ በሩ ግን የእኔ ሥራ ስለሆነ ነቅዬ ልወስደው ነበር፤ «አበዱ ይሉዎታል» ብላ ከለከለችኝ። ስታለቅስ ስለነበር ተውኩላት።

ብረቶቹ አሁን የት እንዳሉ፣ በምን ተጠቅልለው በየትኛው አውቶቡስ እንደሚመጡ አልነግርሽም። ባህሩ ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ዛፍ ሥር የሚውል ሰው ነው። ይኸው ቀና ብሎ አየኝ። ጻፈው፤ ፊትህ እያለሁ ነው የምናገረው።

ከፋሲካ በፊት እደርሳለሁ። ክብረ መንግሥት አድሬ ነው የምመጣው፤ አውቶቡስ ተራ ቆመሽ ፀሐይ እንዳይመታሽ፤ ሥራሽ ላይ ሁኚ፤ ጠይቄ አገኝሻለሁ። አፍ አለኝ።

በቃ። ባህሩ፣ የማተሚያ ቀለሙን ገና አትክፈት። መጀመሪያ አንብብልኝ፤ ከ«ባህሩ ጉንፋኑ ለቆታል» ጀምረህ፣ አንድ ቃል ሳትዘል። ስለ አንተ ያልኩትንም ጭምር።